ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፤ የገባው ግን የፍሳሽ ቱቦዬን በስቶ ነው

ከኢንተርኔቱ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው። ድሮ ልጄ በኮምፒውተር ስትማር እኔ ደሴ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ ማውራት አልችልም ነበር። ምስሉ ደርቆ ይቀራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ፋይበር የሚሉት አዲሱ የኢንተርኔት መስመር ከገባ በኋላ እሷም ትማራለች፣ እኔም እህቴን እንደ ልቤ አያታለሁ። ዋጋውም ከድሮው ይቀንሳል። ለኢንተርኔቱ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ።

ኢንተርኔቱን ለማስገባት ለተደረገው ቁፋሮ የምሰጠው አንድ ኮከብ ነው። ይህን የምጽፈው ስለዚያ አንድ ኮከብ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። በየሰፈሩ የሚቆፍረው ድርጅት የተለያየ ነው። እኔ ላይ የደረሰው ግን የማንም ግቢ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ እናንተ ሳይደርስባችሁ እንድታውቁት ነው የምፈልገው።

የምኖረው ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቤቴ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ ታችኛው ፎቅ ግማሹ ከመሬት በታች የሆነ፣ እዚህ ስፕሊት ሌቭል የሚሉት ዓይነት። ታች ፈቃድ ያለው ዴይኬር፣ የሕፃናት መዋያ፣ አለኝ። ስድስት ልጆች እይዛለሁ። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በሚበዛበት ጥግ፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ተክያለሁ። ጤና አዳሙ ስምንት ዓመቱ ነበር። በረዶውን ሁሉ ችሎ በየዓመቱ የሚያቆጠቁጥ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በራችን ላይ አንድ ወረቀት ተንጠልጥሎ አገኘን። በሚቀጥሉት ሳምንታት የፋይበር መስመር እንዘረጋለን ይላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሣሩ ላይ ባለቀለም ትናንሽ ባንዲራዎች ተተከሉ፣ መሬቱም ላይ ቀለም ተረጨ። ብዙ ሰው እነዚህን ባንዲራዎች አይቶ ያልፋል። እኔም አልፌ ነበር። አሁን ግን ትርጉማቸውን ልጆቼም ያውቁታል።

አሜሪካ ውስጥ መሬት ከመቆፈሩ በፊት 811 ይደወላል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው አገሪቱ የሚሠራ ነፃ ቁጥር ነው። ቆፋሪው ሲደውል ከመሬት በታች መስመር ያላቸው ድርጅቶች ሰው ልከው ምልክት ያደርጋሉ። ቀይ የኤሌክትሪክ ነው። ቢጫ ጋዝ ነው። ብርቱካናማ የስልክና የኢንተርኔት፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽ ነው። ነጭ ደግሞ ሊቆፈር የታሰበውን ቦታ ያሳያል። ቨርጂኒያ ውስጥ ምልክት ከተደረገበት መስመር በሁለት ጫማ ርቀት ውስጥ በማሽን ዝም ብሎ መቆፈር አይቻልም፤ በእጅ እየቆፈሩ መስመሩን ማግኘት ያስፈልጋል።

ግቢዬ ውስጥ ቢጫ ነበር፣ ቀይ ነበር፣ ሰማያዊና ብርቱካናማም ነበሩ። አረንጓዴ ግን አልነበረም። ያኔ አረንጓዴ አለመኖሩ ምንም አላለኝም። እንዲያውም አንድ ነገር ቀነሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አረንጓዴው ያልነበረበት ምክንያት ይሄ ነው። በ811 የሚመጡት ሰዎች የሚያመለክቱት የድርጅቶቻቸውን መስመር ነው። የባለቤቱን የግል መስመር አያመለክቱም። ከቤታችሁ ወጥቶ ግቢያችሁን አቋርጦ ወደ ዋናው ፍሳሽ የሚሄደው ቱቦ የእናንተ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመርም፣ የሣር ማጠጫው ቱቦም፣ ወደ ጋራዥ የወሰዳችሁት ገመድም እንደዚያው ነው። ቀለም የሌለበት ቦታ ባዶ መሬት ማለት አይደለም። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ግቢዬ ውስጥ ለምን እንደገቡ ጠየቅኩ። አለቃቸው በትሕትና መለሰልኝ። ኢዝመንት፣ በግቢው መስመር የማሳለፍ መብት፣ አለን አለኝ። ቤቱን ስንገዛ የተሰጠንን ካርታ፣ ፕላት የሚሉትን፣ ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት። እውነቱን ነው። ከመንገዱ በኩል አሥር ጫማ ስፋት ያለው የመስመር መተላለፊያ ተመዝግቧል። መሬቱ የእኔ ነው፤ እነሱ ግን መስመር ለመዘርጋትና ለመጠገን የመግባት መብት አላቸው። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱን ተከትሎ ያለው የሣር መስመር ደግሞ መጀመሪያውኑ የእኔ አልነበረም። የመንገድ ክልል ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ አብዛኛውን መንገድ የሚያስተዳድረው ቪዶት፣ የቨርጂኒያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ የሚቆፍር ሁሉ ከእሱ ፐርሚት ያወጣል፤ ሲጨርስም ቦታውን እንደነበረ የመመለስ ግዴታ አለበት። አሥራ አንድ ዓመት ሣሩን ሳጭድ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። የመግባት መብት ማለት የማበላሸት መብት ማለት አይደለም። መተላለፊያ ያለው ድርጅት ሥራውን በጥንቃቄ መሥራት አለበት። ከሥራው የሚያልፍ ጉዳት ካደረሰ ተጠያቂ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መተላለፊያው ላይ የተከልኩት ጎመን ለቁፋሮው ሲባል ቢነቀል ብዙ የምለው የለኝም። ይህ አንጀቴን ቢያሳርረኝም እውነት ነው።

ሰዎቹ ሥራ የጀመሩት ጠዋት ነው። መሬቱን እንደ ቦይ አይከፍቱትም። በአንድ በኩል ጉድጓድ ቆፍረው ማሽኑ ከመሬት በታች ቀዳዳ እየበሳ ይሄዳል፤ በሌላው በኩል ይወጣና ብርቱካናማውን ቱቦ ጎትቶ ይመለሳል። ሠራተኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ውሃና ሐብሐብ አወጣሁላቸው። አንደኛው የሚከፈላቸው በቆፈሩት ጫማ ልክ እንደሆነ ነገረኝ። ያኔ ብዙም አላሰብኩበትም። አሁን ሳስበው በጫማ የሚከፈለው ሰው ቆም ብሎ እንዲመረምር ማን ጊዜ ይሰጠዋል? ልጆቹን አልወቅሳቸውም። የምወቅሰው ሥራውን እንደዚያ አድርጎ የሰጣቸውን ነው።

ማሽኑ የአትክልቱን ግማሽ ይዞት ሄደ። ጤና አዳሙ ከነሥሩ ተገልብጦ አገኘሁት። የእግር መንገዱን ጡቦች አምስት ስድስት ቦታ አነቃንቀውታል። አፈሩን መልሰው የሣር ዘር በተኑበት፣ ጭድ አለበሱት፣ ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ የኢንተርኔት ድርጅቱ ቁፋሮውን የሰጠው የኮንትራክተሩ ሰው መጣ። ይቅርታ ጠየቀ። ጡቡንና አትክልቱን አየና 400 ዶላር እንስጥዎት አለኝ። ቼኩን ለማግኘት የምፈርምበትን ወረቀትም ሰጠኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልፈርም ነበር። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ገንዘቡም አይከፋም። ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕግ ወረቀት ልጄ ሳታየው አልፈርምም፤ ይህ የቤታችን ደንብ ነው። ልጄ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፍኩትና ቅዳሜ ስትመጣ አነበበችው።

«እማዬ፣ ይሄ የአትክልት ወረቀት አይደለም» አለችኝ። «የታወቀም ይሁን ያልታወቀ፣ አሁን ያለም ይሁን ወደፊት የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ቀርቷል ነው የሚለው።»

«ታዲያ ሌላ ምን አለ?» አልኳት።

«እኔም አላውቅም። ስለማናውቅ ነው አትፈርሚ የምልሽ።»

ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ቀረ።

ማሽኑ ከሄደ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ልጆቹን ምሳ አብልቼ ላስተኛ ስል ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ድምፅ ሰማሁ። ወለሉ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ይንቦቀቦቃል። ከዚያ ወጣ። ምን እንደወጣ አልጽፈውም። ስድስት ሕፃናት ያሉበት ቤት ነው። ልጆቹን ወደ ላይኛው ፎቅ አወጣኋቸው፣ በሩን ዘጋሁ፣ ለወላጆቻቸው አንድ በአንድ ደወልኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ወላጅን መጥታችሁ ልጃችሁን ውሰዱ ያልኩት ልጅ ሲታመም ብቻ ነው። የዚያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የሆነ ፕለምበር፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አለ። ወዲያው መጣ። ስልኩን እንዳነሳ መጀመሪያ ያለኝ «እናቴ፣ ከአሁን ጀምሮ ጠብታ ውሃ እንዳይለቁ» ነው። ከመጣ በኋላ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሰሞኑን እዚህ ግቢ የቆፈረ ሰው አለ?»

አለ አልኩት። ቱቦ መጥረጊያውን ማሽን ከመኪናው አወረደና መልሶ አስገባው። በምትኩ ካሜራውን አወጣ። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ በኋላ አስረዳኝ። ከመሬት በታች የሚበሳው ማሽን የፍሳሽ ቱቦን ወጋ አድርጎ ሊያልፍና አዲሱን መስመር በመሃሉ ሊተው ይችላል። ቆፋሪው ላይሰማው ይችላል። የቤቱም ሰው ቶሎ አያውቅም፤ ውሃው በጎንና በጎን ያልፋል፣ ወረቀቱና ቅባቱ ግን መስመሩ ላይ እየተንጠለጠለ ይጠራቀማል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይዘጋል። አሁን ያ መስመር ፋይበር ከሆነ በመጥረጊያ ሲበጠስ ኢንተርኔት ይጠፋል። ጋዝ ከሆነ ግን መጥረጊያው ጋዙን ይቆርጠዋል፣ ጋዙም በፍሳሹ ቱቦ ወደ ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

ስለዚህ ሰፈራችሁ ከተቆፈረ በኋላ ፍሳሽ ከተዘጋባችሁ፣ ለሚመጣው ሰው ቁፋሮ እንደነበረ ንገሩት። ካሜራ ሳያስገባ መጥረጊያ እንዳያስገባም ለምኑት።

ካሜራው ከቤቱ ወጥቶ 31 ጫማ ላይ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ የድሮው የሸክላ ቱቦ ቡናማ ግድግዳ ይታያል። መሃሉ ላይ ብርቱካናማ ቱቦ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሯል። ሸክላው በሁለቱም በኩል ተሰባብሯል። ፕለምበሩ ቀኑንና ርቀቱን የሚያሳየውን ቪዲዮ ቀድቶ ሰጠኝ፤ ያየውንም በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ አሰፈረው። ለዚህ ልጅ አምስት ኮከብ ያንሰዋል። ለጥሪውና ለካሜራው 610 ዶላር ከፈልኩ። ካወጣሁት ብር ሁሉ እንደዚያ የጠቀመኝ የለም።

ከዚያ ስልኩ ተጀመረ። የኢንተርኔት ድርጅቱ ቁፋሮው የኮንትራክተሩ ነው አለኝ። ኮንትራክተሩ ያን መንገድ የቆፈረው ሰብኮንትራክተር፣ ሥራውን ከእሱ የተቀበለ ሌላ ድርጅት፣ ነው አለኝ። ሰብኮንትራክተሩ ስልክ አያነሳም። በሦስተኛው ቀን ልጄ አንድ ደብዳቤ ጻፈችና ለሦስቱም በሰርቲፋይድ ሜይል፣ መላኩ ማስረጃ በሚኖረው ፖስታ፣ ላክነው። ምን እንደደረሰ፣ መቼ እንደደረሰ፣ ምን እንደምንጠይቅና እስከ መቼ መልስ እንደምንጠብቅ የያዘ ደብዳቤ ነው። የሰብኮንትራክተሩን ስም ያገኘነው ሠራተኞቹ ሐብሐብ ሲበሉ ካነሳሁት ፎቶ ነው፤ የመኪናው በር ላይ ተጽፏል። ሦስቱ እርስ በርስ ይነጋገሩ፤ ማን ስንት እንደሚከፍል መለየት የባለቤቱ ሥራ አይደለም። ለአንዱ ብቻ ብትጽፉ ግን ያ አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆመ ወራት ይወስድባችኋል።

መልሱ መጣ። የፍሳሽ መስመሩ ምልክት አልተደረገበትም፣ ስለዚህ ጥፋት የለብንም ይላል። ሳነበው አለቀስኩ። አረንጓዴ ባንዲራ እንዳልነበረ እኔም አውቃለሁ።

ያወጣን ያላሰብኩት ነገር ነው። ባንዲራዎቹ በተተከሉ ማግስት ጎመኑ ምን ያህል እንዳደገ ላሳያት ብዬ ለእህቴ በቴሌግራም ፎቶ ልኬላት ነበር። ፎቶው ላይ ጎመኑ አለ፣ ባንዲራዎቹ አሉ፣ ነጭ ቀለም የተረጨበት የቁፋሮው መስመርም ይታያል። ከጎመኑ አጠገብ ደግሞ ከሣሩ ብቅ ያለ ነጭ ክብ የፕላስቲክ ክዳን አለ። ክሊንአውት ይሉታል፤ የፍሳሽ ቱቦው ማጽጃ አፍ ነው።  ቁፋሮ የሚያውቅ ሰው ያን ክዳን ሲያይ የፍሳሽ ቱቦ ከቤቱ ተነስቶ በዚያ በኩል ወደ መንገዱ እንደሚሄድ ያውቃል።

የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ምልክት አልነበረም ማለትን ብቻ አይቀበልም። ቆፋሪ ሁልጊዜ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ምልክት ያልተደረገበት መስመር መኖሩን የሚያሳይ ግልጽ ነገር ካየ ደግሞ ቁፋሮ ሳይጀምር እንደገና መደወል አለበት። ፎቶውን፣ ቪዲዮውንና ደረሰኙን አያይዘን ሁለተኛ ደብዳቤ ላክን። የፎቶው ቀን ቴሌግራም ላይ ተመዝግቧል፤ የሚከራከረው ሰው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ለስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን አመለከትን። ቨርጂኒያ ውስጥ የቁፋሮ ጉዳትን የሚመረምረውና ጥፋተኛውን የሚቀጣው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ኮሚሽኑ ቢቀጣ ቅጣቱ የእናንተ ካሳ አይደለም። ካሳ የሚገኘው በስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ነው።

የእህቴ ባል አዲስ አበባ ጠበቃ ነው። ነገሩን ስነግረው የኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል ነው የሚለው አለኝ፤ ቁጥሩም 2028 ነው። እዚያ የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ቨርጂኒያ ውስጥ ለንብረት ጉዳት አምስት ዓመት አለ። «ጊዜ አለሽ፣ ግን አትጠብቂ፤ ማስረጃ እንደ እንጀራ ነው፣ ሲቆይ ይደርቃል» አለኝ።

እዚህ ያለው አንድ ሕግ ግን አስፈራኝ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የተጎዳው ሰው የራሱ ጥፋት ትንሽ እንኳ ካለበት ካሳውን ጨርሶ ሊያጣ የሚችልባቸው ጥቂት ቦታዎች ውስጥ ናቸው። ሌላው አሜሪካ በአብዛኛው ጥፋቱን በመቶኛ እየከፋፈለ ነው የሚያየው። ለዚህ ነው ፕለምበሩ ውሃ አይልቀቁ ሲል ያን ያህል ያጠበቀው። ቱቦው እንደተሰበረ እያወቅኩ ውሃ ለቅቄ ወለሉ ቢበላሽ ኖሮ፣ ያ ጥፋት የእኔ ነበር። አራት ሌሊት ጎረቤቴ ቤት ነው የታጠብነው። እግዚአብሔር ይስጣት፤ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብንም።

ኢንሹራንሱን በአጭሩ ልንገራችሁ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ከፍሳሽ የሚመለስ ውሃን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ለብቻው የሚጨመር ሽፋን አለ። እኔ ዴይኬሩን ስከፍት የኢንሹራንስ ወኪሌ ጨምሪው ብላኝ ነበር፣ ጨመርኩ። ወለሉንና ግድግዳውን ያጸዳው ኩባንያ 4,100 ዶላር አስከፈለ። ኢንሹራንሱ 3,100 ከፈለ፣ 1,000 ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣውን ድርሻ፣ እኔ ከፈልኩ። የከፈለውን ራሱ ከቆፋሪው ይጠይቃል። እኔም ዲዳክቲብሉን እየጠየቅኩ እንደሆነ በጽሑፍ አሳወቅኳቸው፣ አንድ ነገር ሁለቴ የተጠየቀ እንዳይመስል። ዴይኬሩ የተዘጋባቸውን ቀናት ግን አልሸፈነም። ስድስት ልጆች፣ በቀን 60 ዶላር፣ አምስት ቀን፤ 1,800 ዶላር ነው። ለወላጆች መልሼላቸዋለሁ፣ የመለስኩበትንም ደረሰኝ አንድ በአንድ ይዣለሁ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ኮንትራክተሩ የቱቦውን ጥገና ለመክፈል እሺ አለ። 4,300 ዶላር ለፕለምበሩ ቀጥታ ከፈለ። ፋይበሩን አውጥተው በሌላ በኩል አዞሩት። የእኔን ወጪ በተመለከተ ግን ዝም አሉ። ስለዚህ ክስ አስገባሁ።

ስሞል ክሌምስ የሚባለውን፣ የአነስተኛ ገንዘብ ክስ የሚታይበትን ፍርድ ቤት ሰዎች ለምን እንደሚፈሩት አሁን አይገባኝም። ፌርፋክስ ውስጥ ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት ነው ያለው። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ይጠየቅበታል። ጠበቃ ይዞ መከራከር አይፈቀድም፤ ለእነሱም አይፈቀድም። የሚከብደው የምትከሱትን ድርጅት ትክክለኛ ስምና መጥሪያ የሚቀበልለትን ወኪል ማወቅ ነው። ያንንም ያገኘነው እዚያው የኮርፖሬሽን ኮሚሽኑ የድርጅቶች መዝገብ ላይ ነው፤ ስሙን ስትጽፉ ወኪሉ ከነአድራሻው ይወጣል። መስኮት ላይ የነበረችው ሴትዮ ቅጹን የት የት እንደምሞላ በትዕግሥት አሳየችኝ። የጠየቅኩት ለፕለምበሩ 610፣ ለዲዳክቲብሉ 1,000፣ ለዴይኬሩ 1,800፣ ለአትክልቱና ለጡቡ 400፤ በድምሩ 3,810 ዶላር ነው።

ከቀጠሮው ስድስት ቀን በፊት ደወሉ። አትክልቱ መተላለፊያው ላይ ስለነበረ አንከፍልም፣ ለጡቡ 190 እንከፍላለን፣ ሌላውን በሙሉ እንከፍላለን አሉ። 3,600 ዶላር። ልጄ ታግለሽ 400ውንም አስከፍዪ አለችኝ። እኔ ግን ስለ መተላለፊያው የተናገሩት እውነት ነው፤ እውነት የሆነውን ነገር ዳኛ ፊት ቆሜ አይደለም ማለት አልፈለግኩም። ተቀበልኩ።

የሚፈረም ወረቀት በዚህም ጊዜ መጣ። በዚህኛው ላይ ሁለት መስመር እንዲጨመር ጠየቅን። አንደኛ፣ ስምምነቱ እስከ ዛሬ በታወቀው ጉዳት ላይ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የተቆፈረው ቦታ አፈሩ ቢሰምጥ ወይም የተጠገነው ቱቦ ቢንቀሳቀስ ያ ከስምምነቱ ውጭ ነው። የተቆፈረ አፈር ወዲያው አይረጋም። ዝናብና በረዶ ሲፈራረቅበት ይወርዳል፣ ጡቡንም ይዞ ይወርዳል። ሳይከራከሩ ጨመሩት። ፍሪጁ ላይ የነበረችውን የመጀመሪያዋን ወረቀት ፈርሜ ቢሆን ኖሮ፣ 400 ዶላር ይዤ ከሰባት ሺህ ዶላር በላይ ጉዳት ብቻዬን እሸከም ነበር። ሌሊት ስነቃ አሁንም ይህን አስባለሁ።

ሰፈራችሁ ሊቆፈር ከሆነ፣ ባንዲራዎቹ ሳይነቀሉ ግቢውን ዙሩና ቪዲዮ አንሱ። የማጽጃውን ክዳን አንሱ፣ የመኪናዎቹን በር አንሱ። ክዳኑ የት እንዳለ ለአለቃቸው በእጃችሁ አሳዩት፤ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ላኩለት። የቻለ ሰው ከቁፋሮው በፊት አንድ ጊዜ፣ በኋላም አንድ ጊዜ ቱቦው ውስጥ ካሜራ ያስገባ። ድርጅቱ ራሱ እንዲያስገባላችሁም ጠይቁ። አንዳንዶቹ ሲጠየቁ ያደርጉታል፣ ካልተጠየቁ ግን ማንም አያስታውሰውም። ቤቱ የቆየና ቱቦው ሸክላ ከሆነ ደግሞ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

እኔም ባለፈው ወር አጥር ለመትከል ጉድጓድ ስለሚቆፈር 811 ደወልኩ። ለደወለው ባለቤትም ነፃ ነው። ያነጋገረችኝ ልጅ የት ላይ እንደምቆፍር፣ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ጠየቀችኝ፣ የቲኬት ቁጥር ሰጠችኝ። በቀጠሮው ሁሉም መጥተው ምልክት አደረጉ። አምስት ኮከብ። የፍሳሽ ቱቦዬን መስመር ግን እኔው ራሴ በካሜራው መለኪያ ተመርቼ አረንጓዴ ቀለም ረጨሁበት፣ ከቤቱ ግድግዳ እስከ መንገዱ ድረስ።

ጤና አዳሙን መልሼ ተከልኩት። ከዓመታት በፊት ከእኔ ቅርንጫፍ ወስዳ የተከለች የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ነች ከራሷ ቆርጣ ያመጣችልኝ። ከመተላለፊያው ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ነው ያደረግኩት። ፀሐዩ እዚያ ትንሽ ያንሳል፤ ግን ይዟል።